በአሜሪካ የሟችን የክሬዲት ዩኒየን ሒሳብ መዝጋት፦ አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሲያርፍ በክሬዲት ዩኒየን ያስቀመጠው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የዝምድና ቅርበት አይደለም። ብዙ ጊዜ ኑዛዜም አይደለም። የሚወስነው ሒሳቡ ሲከፈት የተፈረመው ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ሁለተኛ ስም አለ? ካለስ የተጻፈው የጋራ ባለቤት ተብሎ ነው፣ ተጠቃሚ ተብሎ ነው ወይስ ፈራሚ ብቻ ተብሎ? ይህ ሳይታወቅ ጠበቃ መቅጠርም ሆነ ከዘመድ ጋር መከራከር ድካም ብቻ ነው፤ ከታች የምናወዳድራቸው አራት መንገዶች የሚከፈቱትም የሚዘጉትም በዚያች ወረቀት ነውና።

ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ካርዱ የሚፈቅደውን ቀላሉን መንገድ ይያዙ፤ ዕዳ ወይም የወራሾች ጠብ ካለ ግን ቀላሉን አይመኑ።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ሒሳብ ለብቻው መለየት

ክሬዲት ዩኒየን ከባንክ የሚለየው ደንበኛው አባልና ባለድርሻ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ቁጠባው «ሼር»፣ ቼኪንጉ «ሼር ድራፍት»፣ የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ «ሼር ሰርተፊኬት»፣ ወለዱ ደግሞ «ዲቪደንድ» ይባላል። በደብዳቤ ላይ እነዚህን ሲያዩ የአክሲዮን ውርስ እንዳይመስልዎት፤ ተራ ተቀማጭ ገንዘብ ነው።

በአንድ የአባል ቁጥር ሥር ብዙ ሒሳቦች ይኖራሉ፤ የሚለያቸው ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ተቀጥላ ቁጥር ነው። ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሚስት በቁጠባው ላይ የጋራ ባለቤት ስለሆነች «ሁሉም የጋራ ነው» ይባልና፣ ከዓመታት በኋላ የተከፈተው ሰርተፊኬት በባል ስም ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቁጠባው በአንድ ቀን ሲለቀቅ ሰርተፊኬቱ ፍርድ ቤት ሊያስሄድ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቀጥላ ቁጥር ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ባለቤትነቱ እንዴት ተመዘገበ? ተጠቃሚ አለው ወይ? ሰውየው ባረፈበት ቀን የነበረው ቀሪ ሒሳብ ስንት ነው? የመጨረሻው ቁጥር ለቃለ መሃላም፣ ለፍርድ ቤት ዝርዝርም፣ ለግብርም ይፈለጋል፤ የዛሬው ቀሪ ሒሳብ አይተካውም።

ስምዎ በሒሳቡ ላይ ከሌለ ሠራተኛው ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አይነግርዎትም። ይህ ክፋት ሳይሆን የምስጢር ግዴታ ነው። እስከዚያው ድረስ ቤት ውስጥ ያሉ የሒሳብ መግለጫዎችን፣ በየጥር ወሩ የሚመጣውን 1099-ኢንት የተባለ የግብር ወረቀትና የተመለሱ ቼኮችን ይሰብስቡ። ሟቹ የት የት አባል እንደነበሩ የሚታወቀው ከእነዚህ ነው።

ለክሬዲት ዩኒየኑ ከማሳወቅዎ በፊት

የሞቱ ዜና ሲደርሳቸው በሟች ስም ብቻ ያለውን ሒሳብ ይቆልፉታል። የኤቲኤም ካርዱ ይዘጋል፤ በየወሩ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ ሁሉ ይቆማል። የቤት ብድር፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የመብራትና የስልክ ክፍያ ከዚያ ሒሳብ ይወጣ ከነበረ በቀጣዩ ወር «አልተከፈለም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በተለይ የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ እንዳይቋረጥ ይጠንቀቁ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት መግለጫ ይዘው በየወሩ የሚገባውንና የሚወጣውን በዝርዝር ይጻፉ፤ ዋና ዋናዎቹን ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ያሳውቁ።

የሟችን ኤቲኤም ካርድ ወይም የስልክ መተግበሪያ ተጠቅሞ ገንዘብ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ «ለቀብር ነው» ቢባልም። የውክልና ሥልጣን ሰውየው ባረፉበት ቅጽበት ያበቃል። የቀብሩን ወጪ እድሩ ወይም ዘመድ ይሸፍነውና ደረሰኙ ይቀመጥ፤ ከውርሱ ላይ ከሌሎች ዕዳዎች ቀድሞ ከሚመለሱት ወጪዎች አንዱ ነው። አንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖች ደግሞ ደረሰኝ ሲቀርብላቸው ለቀብር አስፈጻሚው ድርጅት በቀጥታ ይከፍላሉ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ገንዘብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክፍያው የሚመጣው ከወሩ በኋላ ሲሆን፣ ሰው ላረፈበት ወር ደግሞ አይከፈልም። በጁላይ 30 ያረፈ ሰው ለጁላይ የሚታሰበው በኦገስት ቢገባ እንኳ ይመለሳል። የፌዴራሉ ግምጃ ቤት ገንዘቡን ከክሬዲት ዩኒየኑ መልሶ ይጠይቃል፤ የጋራ ባለቤቷ አውጥታው ከሆነ ዕዳው እሷ ላይ ይመጣል። አይንኩት። በሌላ በኩል ለትዳር ጓደኛ ወይም ብቁ ለሆነ ልጅ የሚሰጥ 255 ዶላር የአንድ ጊዜ ክፍያ አለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል።

መንገድ አንድ፦ የጋራ ባለቤት

ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው። «የቀሪው ባለቤት መብት» የሚል ስምምነት ያለበት የጋራ ሒሳብ ከውርስ ውጭ ነው፤ ኑዛዜ አይነካውም። የተረጋገጠ የሞት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ መሄድ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን የሟች ስም ይነሳል።

ቴክሳስ ውስጥ ግን ይህ መንገድ ወጥመድ አለበት። በዚያ ግዛት ሕግ ሁለት ስም በአንድ ሒሳብ ላይ መኖሩ ብቻ ገንዘቡን ለቀሪው አያሳልፍም፤ ቀሪው እንዲወስድ የሚል የተጻፈና በሟች የተፈረመ ስምምነት መኖር አለበት። ካርዱ ላይ ይህን ስምምነት የምትገልጸው ሣጥን ምልክት ካልተደረገባት የሟች ድርሻ ወደ ውርስ ይገባል። ዳላስ ወይም ሂውስተን ያላችሁ፣ ሠራተኛው «የጋራ ነው» ስላለ ብቻ አትርኩ፤ የካርዱን ቅጂ ዐይታችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛው እንቅፋት አባልነት ነው። የጋራ ባለቤት መሆን አባል መሆን ማለት አይደለም። ዋናው አባል ሲያርፍ አባልነቱ ስለሚያበቃ፣ ሚስት አባል ካልነበረች ገንዘቡን መውሰድ ትችላለች እንጂ ሒሳቡን በዚያው ቁጥር ይዛ መቀጠል አትችልም። መልካሙ ነገር፣ በብዙ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች ቻርተር ውስጥ የሟች አባል የትዳር ጓደኛ በራሷ አባል መሆን እንደምትችል ተጽፏል። አዲስ ቁጥር ይሰጣታል፤ ትንሿ የአባልነት ድርሻም በስሟ ትቀመጣለች። ጥሩ ወለድ የሚከፍል ሰርተፊኬት ካለ ይህን መምረጥ ከመዝጋት ይሻላል፤ ሰርተፊኬቱ እስከ ቀኑ ድረስ በነበረው ምጣኔ መቀጠል ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ወለዱ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ያድርጉ፦ ባለቤት ሲሞት ብዙዎቹ ያለጊዜው የማውጣት ቅጣቱን ስለሚያነሱ፣ ያለ ቅጣት አውጥቶ በተሻለ ምጣኔ ማስቀመጥ የሚቻለው ያኔ ነው። ይህ ዕድል ስሙ ከተዛወረ በኋላ ላይገኝ ይችላል፤ ከመፈረምዎ በፊት ይወስኑ።

ፈራሚ ብቻ የሆነ ልጅ፣ ማለትም እናቱን ለማገዝ ቼክ እንዲፈርም የተፈቀደለት፣ በዚህ መንገድ አይሄድም። ፈቃዱ ከእናቱ ጋር አብቅቷል።

መንገድ ሁለት፦ የተመዘገበ ተጠቃሚ

በሒሳቡ ላይ «ሲሞት ለእገሌ ይከፈል» ተብሎ የተመዘገበ ሰው፣ በአጠራሩ ፒኦዲ፣ እንደ ጋራ ባለቤት ሁሉ ፍርድ ቤት ሳይረግጥ ይቀበላል። የሚፈለጉት የሞት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ክሬዲት ዩኒየኑ የሚሰጠው የጥያቄ ፎርም ናቸው። ሦስት ልጆች ከተመዘገቡ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይጠይቃል፤ የአንዱ መዘግየት የሌላውን አያግደውም።

ችግር የሚመጣው ምዝገባው ሲያረጅ ነው። የቀድሞ ሚስት ስም ሳይነሳ ቀርቶ ይሆናል፤ ፍቺ ስሙን በራሱ የሚሰርዝባቸው ግዛቶች አሉ፣ የማይሰርዝባቸውም አሉ። ተጠቃሚው ከሟች ቀድሞ አርፎ ከሆነና ሌላ ካልተተካ ገንዘቡ ወደ ውርስ ይመለሳል፤ ያኔ ወደ መንገድ ሦስት ወይም አራት መሄድ ግድ ነው። ተጠቃሚው ሕፃን ከሆነ ክሬዲት ዩኒየኑ በእጁ አይሰጠውም፤ ሞግዚት ወይም በሕግ የተሾመ ንብረት ጠባቂ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ገና በሕይወት ላሉ ወላጆች አንድ ነገር እንበል። ልጅን የጋራ ባለቤት ከማድረግና ተጠቃሚ አድርጎ ከማስመዝገብ ሁለተኛው ይሻላል ብለን እናምናለን። የጋራ ባለቤት የሆነ ልጅ ቢከሰስ፣ ቢፋታ ወይም ዕዳ ቢገባ የእናቱ ገንዘብ ለአበዳሪዎቹ ሊጋለጥ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ አንዱን ልጅ ለመርዳት ስሙ ሲገባ ሌሎቹ ከውርሱ ይቀራሉ፤ እናቲቱ ይህን አላሰበችም ይሆናል። ተጠቃሚ ግን በሕይወት ሳለች አንዲት ሳንቲም አይነካም፤ ሁሉንም ልጆች በእኩል መመዝገብም ይቻላል።

መንገድ ሦስት፦ የአነስተኛ ውርስ ቃለ መሃላ

የጋራ ባለቤትም ተጠቃሚም ከሌለ፣ ወራሾች ሙሉ የፍርድ ቤት የውርስ ሒደት (ፕሮቤት) ሳያልፉ ቃለ መሃላ ሰጥተው የሚወስዱበት መንገድ ነው። ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል፤ የሚታየውም በመሠረቱ ሟቹ ይኖሩበት የነበረው ግዛት ሕግ ነው፣ የእርስዎ አይደለም።

ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በውርስ የሚተላለፈው ተንቀሳቃሽ ንብረት ከ100,000 ዶላር ካልበለጠ፣ ከሞት በኋላ 40 ቀን ተጠብቆ ቃለ መሃላው ለክሬዲት ዩኒየኑ ይሰጣል፤ ለሌሎቹ ወራሾች በጽሑፍ ማሳወቅና 10 ቀን መጠበቅ፣ ለግዛቱ የማኅበራዊና ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤትም ቅጂ በፖስታ መላክ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው። ካሊፎርኒያም 40 ቀን ይጠብቃል፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወዲህ ላረፉ ሰዎች ጣሪያው 208,850 ዶላር ነው። ሚኒሶታ 75,000 ዶላርና 30 ቀን ነው። በእነዚህ ሦስቱ ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ክሬዲት ዩኒየኑ ይሄዳል። አርባው ወጥቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ሁሉም ወራሽ ስለሚገኝ፣ ለፊርማ የሚመች ጊዜም ያው ነው።

ቴክሳስና ሜሪላንድ የተለዩ ናቸው። ቴክሳስ ጣሪያው፣ መኖሪያ ቤቱና በሕግ ለዕዳ የማይያዙ ንብረቶች ሳይቆጠሩ፣ 75,000 ዶላር ነው፤ ግን ኑዛዜ ካለ አይሠራም፣ ሁለት ከውርሱ ጥቅም የሌላቸው ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ዳኛም ያጸድቀዋል። ኑዛዜ ካለና በቤት ላይ ካለ ብድር በቀር ዕዳ ከሌለ፣ ቴክሳስ ኑዛዜውን ብቻ አጽድቆ ንብረቱን የሚያሻግር አጭር ሒደት አለው፤ ጠበቃዎን በስሙ «ምዩኒመንት ኦፍ ታይትል» ብለው ይጠይቁት። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሥራው በኑዛዜ መዝጋቢው ቢሮ በኩል ያልፋል፤ አነስተኛ ውርስ የሚባለው እስከ 50,000 ዶላር፣ ብቸኛ ወራሽ የትዳር ጓደኛ ከሆነ እስከ 100,000 ነው።

ጣሪያውን ስታሰሉ የጋራ ሒሳብና ተጠቃሚ የተመዘገበበት ሒሳብ በመሠረቱ አይቆጠሩም። 160,000 ዶላር ያለው ሰው 90,000ው ለተጠቃሚ ከሆነ፣ ለዋሽንግተን ስሌት የሚቀረው 70,000 ነው። ይህን ሳያውቁ ወደ ፕሮቤት የሚገቡ ቤተሰቦች ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያለአግባብ ያጣሉ።

ወረቀቱ የሚመለስባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሌም እነሱው ናቸው። ቀኑ ሳይሞላ የተፈረመ ነው። ወይም ከኢንተርኔት የወረደው የሌላ ግዛት ፎርም ነው። ወይም ከወራሾች አንዱ አልፈረመም። ወይም የሒሳቡ ቁጥርና መጠን አልተጻፈም። ክሬዲት ዩኒየኑ የራሱ ፎርም ካለው በእሱ ይጠቀሙ፤ የሕግ ክፍላቸው የሚያውቀውን ወረቀት ቶሎ ያሳልፋል። ትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለ ሠራተኛ «ፕሮቤት ያስፈልጋል» ቢልዎት ደግሞ በዚያ አይመለሱ፤ ጉዳዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሟቾች ሒሳብ ክፍል እንዲላክ በትሕትና ይጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር፦ ቃለ መሃላውን ፈርሞ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ለሟች ዕዳና ለሌሎች ወራሾች ተጠያቂ ነው። የሕክምና ዕዳ ተቆልሎ ከሆነ፣ ወይም ሟቹ ከ55 ዓመት በኋላ በሜዲኬድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በሚሰጠው የጤና መድን) የነርሲንግ ሆም እንክብካቤ አግኝተው ከሆነ፣ ግዛቱ ከውርሱ እንዲያስመልስ የፌዴራል ሕግ ያዘዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀላሉ መንገድ ለፈራሚው አደገኛ ነው።

መንገድ አራት፦ ፕሮቤት

ረጅሙና ውዱ መንገድ ነው፤ ግን አንዳንዴ ትክክለኛው እሱ ብቻ ነው። ገንዘቡ ከጣሪያው ሲያልፍ፣ ወራሾች ሲጣሉ፣ የኑዛዜው ትክክለኛነት ሲጠየቅ፣ ዕዳው ከንብረቱ ሲቀራረብ ወይም በአደጋ ሞት ምክንያት ክስ ሲኖር ወደዚህ ይሂዱ። ትልቁ ጥቅሙ ለአበዳሪዎች ቀነ ገደብ መስጠቱ ነው። ለምሳሌ በዋሽንግተን ማስታወቂያው መጀመሪያ በጋዜጣ ከወጣበት አራት ወር ካለፈ በኋላ፣ በደንብ ማስታወቂያ የተሰጠው አበዳሪ ባብዛኛው መጠየቅ አይችልም። ቃለ መሃላ ይህን ከለላ አይሰጥም።

ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው የሹመት ደብዳቤ ነው፦ ኑዛዜ ካለ ለአስፈጻሚው፣ ከሌለ ለአስተዳዳሪው። ብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች ማኅተም ያለበትና በቅርብ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ60 ቀን ውስጥ፣ የተረጋገጠ ቅጂ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አሥር ቅጂ በአንዴ አውጥቶ ማስቀመጥ ጥቅም የለውም፤ ሁለት ሦስት ያውጡ፣ ሲያስፈልግ ይጨምሩ። ቀጥሎ ለውርሱ የግብር መለያ ቁጥር፣ ኢአይኤን፣ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ፣ ድረ ገጽ ይወጣል። ነጻ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካገኙ ይዝጉት። በዚያ ቁጥር የውርስ ሒሳብ ተከፍቶ የሟች ገንዘብ ወደዚያ ይገባል፤ ዕዳ ከዚያ ይከፈላል፤ የተረፈው ለወራሾች በቼክ ይከፋፈላል። የውርስ ሒሳብ የማይከፍቱ ክሬዲት ዩኒየኖች ስላሉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልሆነ ባንክ ዘንድ ይከፈታል፤ ክሬዲት ዩኒየኑ ደግሞ ቼኩን «ለእገሌ ውርስ» ብሎ ይጽፋል። ያን ቼክ በግል ሒሳብ ማስገባት አይቻልም።

ሟቹ ሒሳቡን በሕይወት ሳሉ በትረስት (ንብረትን ባለአደራ እንዲይዘው በሚያደርግ ሕጋዊ ሰነድ) ስም አድርገውት ከነበረ አራቱም አያስፈልጉም፤ ተተኪው ባለአደራ የትረስቱን ማረጋገጫና የሞት ምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርባል። ትረስት ተጽፎ ሒሳቡ ግን ወደ ስሙ ሳይዛወር የቀረ ከሆነ፣ ለዚያ ሒሳብ ትረስቱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዕዳ ሲኖር፦ ክሬዲት ዩኒየን ከባንክ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው

የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን በአባሉ ቁጠባ ላይ ላልተከፈለ ብድር መያዣ የማድረግ መብት በፌዴራል ሕግ አለው። ወራሽ ቼክ ሲጠብቅ፣ እነሱ መጀመሪያ የመኪናውን ብድርና ክሬዲት ካርዱን ከቁጠባው ላይ ሊቀንሱ ይችላሉ። እንበል ቁጠባው 14,000፣ የመኪና ብድሩ 9,000፣ ካርዱ 2,500 ዶላር ነው። ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው 2,500 ነው።

ይህ ከመሆኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ብድሩ የሕይወት ኢንሹራንስ አለው ወይ? በክሬዲት ዩኒየኖች ዘንድ የብድር ዋስትና ኢንሹራንስ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህን ሥራ ዋና አድርጎ የያዘው፣ ዛሬ ትሩስቴጅ የሚባለው ኩና ሚውቹዋል የተመሠረተው በ1935 ነው። በወርኃዊ ክፍያው ውስጥ ጥቂት ዶላር ለዚህ ይቆረጥ ከነበረ ኢንሹራንሱ ብድሩን ይዘጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ኢንሹራንሱ 9,000ውን ከከፈለ ለወራሽ የሚተርፈው 2,500 ሳይሆን 11,500 ነው። የብድር ውሉን ቅጂ ይጠይቁ፤ ሠራተኛው ቢረሳ ማስታወስ የእርስዎ ፋንታ ነው። ብድሩ ቀድሞ ሲዘጋ ደግሞ ጋፕ ኢንሹራንስ (በመኪናው ዋጋና በብድሩ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን) እና ተጨማሪ የጥገና ዋስትና ተገዝተው ከነበረ ያልተሠራበት ክፍል ተመላሽ ሊኖረው ይችላል።

መኪናውን በተመለከተ ሦስት ምርጫ አለ፦ ብድሩን ከፍሎ ባለቤትነቱን ማዛወር፣ በወራሽ ስም አዲስ ብድር ወስዶ መቀጠል፣ ወይም መኪናውን መመለስ። መኪናው ከብድሩ በላይ የሚያወጣ ከሆነ አይመልሱት፤ ሸጦ ዕዳውን መክፈል ይሻላል። ዕዳው ከዋጋው ከበለጠና ቤተሰቡ ውስጥ አብሮ የፈረመ ሰው ከሌለ መመለሱ ያዋጣል። አብሮ የፈረመ ሰው ካለ ሙሉ ዕዳው የእሱ ነው፤ ሞት ከዚህ አያወጣውም። ካልፈረሙ ግን የአባትዎን ዕዳ ከኪስዎ የመክፈል ግዴታ የለብዎትም፤ ዕዳ ሰብሳቢ «የቤተሰብ ክብር» እያለ ቢያስጨንቅዎት እንኳ። እንደ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ዋሽንግተን ባሉ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ሕግ ባላቸው ግዛቶች ግን ባል ወይም ሚስት የተለየ ተጠያቂነት ሊኖርባቸው ስለሚችል ሕግ አዋቂ ይጠየቅ።

ለክሬዲት ካርድ፣ የውርሱ አስተዳዳሪ ቀሪ ዕዳውን በጽሑፍ ይጠይቅ። አበዳሪው በ30 ቀን ውስጥ ሊነግረው ይገባል፤ ከተነገረው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉውን ከከፈለ ተጨማሪ ወለድ አይጠየቅም። የቤት ብድር ካለ ደግሞ ቤቱን ወርሶ የሚገባበትን ዘመድ «ሁሉንም አሁኑኑ ክፈል» ማለትን የ1982ቱ ጋርን ሴንት ጀርሜን ሕግ ይከለክላል፤ ክፍያው እንደነበረው ይቀጥላል።

አይአርኤ ካለ አይቸኩሉ

አይአርኤ የሚባለው የግል የጡረታ ቁጠባ በክሬዲት ዩኒየን ውስጥ ቢቀመጥም ሕጉ የተለየ ነው። የትዳር ጓደኛ ወደ ራሷ አይአርኤ ማዛወር ትችላለች። ሌላ ወራሽ፣ ከ2020 ወዲህ ላረፈ ሰው፣ ባብዛኛው በ10 ዓመት ውስጥ ጨርሶ ማውጣት አለበት፤ ሟቹ በየዓመቱ የግድ የሚወጣውን ማውጣት ጀምረው ከነበረ በየዓመቱም ይወጣል። ሠራተኛው «ሁሉንም በአንድ ቼክ ልጻፍልዎት?» ሲል እሺ ካሉ፣ ከተለመደው አይአርኤ የወጣው ሙሉው ገንዘብ በዚያ ዓመት ገቢ ላይ ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል፤ መመለሻም የለውም። ትክክለኛው ጥያቄ «የተወረሰ አይአርኤ ይክፈቱልኝ» ነው።

የስምና የቀን ችግር

የእኛ አገር ሰው ከሌሎች ይልቅ የሚጉላላው እዚህ ነው። የልጅ የመጨረሻ ስም የአባት ስም ነው፤ ሚስት የባሏን ስም አትይዝም፤ ወንድማማቾች ቪዛ ሲያወጡ የአንዱ የአያት ስም የሌላው የአባት ስም የመጨረሻ ሆኖ ይመዘገባል። ለቅርንጫፉ ሠራተኛ ይህ የማይገናኙ ሰዎች ስም ይመስላል። የጋብቻና የልደት ወረቀት ከነትርጉሙ፣ እንዲሁም «ይህ ስምና ያ ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል በኖተሪ የተረጋገጠ ቃለ መሃላ አብሮ ይቅረብ። የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ በሁለት ወረቀት ቢለያይ በቃለ መሃላው ውስጥ ሁለቱንም እንዳሉ ይጻፉ።

ሟቹ ያረፉት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ቀኑን ይመልከቱ። ጥር 5 ቀን 2017 የሚለው 5/5/2017 ተብሎ ከተጻፈ፣ አሜሪካዊው ሠራተኛ ሜይ 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ሒሳቡ ግን እስከ ጃንዋሪ 2025 ሲንቀሳቀስ ስለነበር ጉዳዩ ወደ ማጭበርበር መርማሪዎች ሊሄድ ይችላል። ትርጉሙ ላይ ጃንዋሪ 13 ቀን 2025 ተብሎ ወሩ በፊደል ይጻፍ። ሟቹ የአሜሪካ ዜጋ ከነበሩ ከሁሉም የሚሻለው የአሜሪካ ኤምባሲ የሚሰጠው የዜጋ ሞት የቆንስላ ሪፖርት፣ ዲኤስ-2060፣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ክርክር አያስነሳም። የአገር ውስጡ ምስክር ወረቀት ወጥቶ ሳለ ወዲያው ይጠይቁ፤ በርከት ያለ ቅጂም ይውሰዱ። በአሜሪካ ላረፈም ቢሆን ከስምንት እስከ አሥር የተረጋገጡ ቅጂዎች ይዘዙ፤ ፎቶኮፒ አይቀበሉም።

ወራሹ አዲስ አበባ ሲሆን

ከኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማስረጃ ብቻውን የአሜሪካን ሒሳብ አያስከፍትም። ወራሽነትን ለማስረዳት ይረዳል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከላይ ካሉት መንገዶች በአንዱ ነው። ወራሹ ቃለ መሃላ መፈረም ካለበት በኤምባሲው ቀጠሮ ይዞ በኖተሪ ያስፈርማል፤ ክፍያው ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ስለዚህ ሁሉም ወረቀት ተዘጋጅቶ በአንድ ቀጠሮ ይለቅ። ከክሬዲት ዩኒየኑ ዘንድ ደብሊው-8ቤን የሚባል የውጭ ዜጋ የግብር ፎርምም ይጠየቃል። ትናንሽ ክሬዲት ዩኒየኖች ወደ ውጭ ገንዘብ ላይልኩ ስለሚችሉ ቼኩን ማን እንደሚቀበልና እንዴት እንደሚተላለፍ አስቀድመው ይስማሙ። በርካታ ወራሾች ተበታትነው ሲኖሩ ፊርማ ከየአገሩ ከማሰባሰብ ይልቅ አሜሪካ ያለ አንድ ሰው በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሆኖ ቢሾም ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ መንገድ አራት ከሦስት የሚቀልበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ገንዘቡ ከወጣ በኋላ

ተቀማጩ ትልቅ ከሆነ ጊዜውን ይቁጠሩ። በክሬዲት ዩኒየን ላለ ተቀማጭ ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የኤንሲዩኤ፣ ዋስትና በአንድ ባለቤትነት ዓይነት ለአንድ አባል 250,000 ዶላር ነው፤ አባሉ ካረፉ በኋላ ለስድስት ወር በሕይወት እንዳሉ ሆኖ ይታሰባል። ወራሹ በዚያው ክሬዲት ዩኒየን የራሱ ገንዘብ ካለው ሁለቱ ተደምረው ጣሪያውን እንዳያልፉ ከስድስት ወሩ በፊት ያከፋፍላቸው።

እስከ ሞቱ ቀን ያለው ዲቪደንድ በሟች የመጨረሻ የግል ገቢ ግብር ፎርም፣ 1040፣ ላይ ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የውርሱ ወይም የተቀባዩ ነው። የውርሱ ገቢ በዓመት 600 ዶላር ከደረሰ የውርስ ግብር ማስታወቂያ ፎርሙ፣ 1041፣ ይሞላል። ክሬዲት ዩኒየኑ በጥር የሚልከው ወረቀት ዓመቱን ሙሉ በሟች ቁጥር ከመጣ እንዲያርሙት ይጠይቁ። የውርስ ሒሳቡንም የመጨረሻው የግብር ተመላሽና የኢንሹራንስ ቼክ ሳይገባ አይዝጉት፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በውርሱ ስም የሚመጣ ቼክ የሚገባበት ያጣል፤ እንደገና ለመክፈትም ክሬዲት ዩኒየኑ አዲስ የተረጋገጠ የሹመት ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል።